ሐዲድ የወለዳት ከተማ



ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ በይፋት ቆላ ስለሚያልፍ፣ ከጣርማ በር ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ «ባቡር ለከተማችን ምን ያመጣል?» የሚሉን አሉ። መልሱን ከድሬዳዋ እንፈልግ።

ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ዳገቱ አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ስለ ሆነ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲገባ ከተማይቱም አብራ ተወለደች። እስከ አዲስ አበባ የዘለቀው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ እስከዚያው ድረስ ከፉርጎ የወረደው ጭነት በግመልና በበቅሎ ይቀጥል ነበር።

በጣቢያው በኩል ቀጥ ያሉ መንገዶችና የዛፍ ጥላ ያሉት ከዚራ አለ። ከደቻቱ ማዶ ደግሞ ጠመዝማዛው የመጋላ ገበያ ይገኛል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ድኻውም ለገበያው ልቅረብ ብሎ ከዳርቻው ጎጆ ቀለሰ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም ያለ መጠለያ ቀረ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፤ እዚያ ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል። ለተሸካሚውና ለሻይ ሻጯ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሮቢት ምእመናን ሆይ፤ ክረምት ሳይገባ በየአጥቢያችሁ ከሮቢ ወንዝ ዳር የሚኖሩትን ቤተሰቦች ቈጥራችሁ ለፕሮጀክቱ ሠራተኞች አስታውቁልን። በጸሎታችሁም አስቡን።