ሞተሩን ከመፍታትዎ በፊት

አሮጌ የአሜሪካ «መስል ካር» ገዝተው ነፍስ ሊዘሩበት ላሰቡ ቤተሰቦች

ልጆቻችን እነዚህን መኪኖች የሚያውቋቸው ከፊልም ነው። «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ላይ ከጋራዥ የወጣውን ጥቁር የ1970 ዶጅ ቻርጀር ያየ ጎረምሳ ድምፁን አይረሳውም። አሜሪካ ወንድም ወይም አጎት ያለው ቤተሰብ ደግሞ አንዳንዴ ፎቶ በስልክ ይደርሰዋል፤ አቧራ የለበሰ፣ ጎማው የተኛ፣ ቀለሙ የላጠ ትልቅ መኪና፣ ከሥሩም «ገዛሁት!» የሚል አንድ ቃል።

ከእንኳን ደስ ያለህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታዲያ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ይህ ነገር ስንት ይፈጃል? ለቤት ወይም ለልጅ ትምህርት የተቀመጠ ገንዘብ ይነካል? መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ለዓመታት የቆመን ሞተር ዕድሜ ብቻውን ከሚጎዳው ይልቅ ችኮላና ግምት የሚጎዱት ይበልጣል።

በመጀመሪያ ስለ መኪኖቹ ጥቂት እንበል። ብዙዎች የ«መስል ካር»ን፣ የጡንቻማውን መኪና ዘመን መጀመሪያ የሚያደርጉት የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ጄነራል ሞተርስ በዚያን ጊዜ መካከለኛ መጠን ባላቸው መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ የሆነ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ መላ ዘየዱ፤ 389 ኪዩቢክ ኢንቹን (6.4 ሊትር ገደማ) ሞተር አዲስ ሞዴል ነው ሳይሉ፣ በቴምፐስት ላይ ደንበኛው ጨምሮ ከፍሎ የሚያስገጥመው ተጨማሪ ዕቃ አድርገው አሳለፉት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ32,000 በላይ ተሸጠ። ከዚያ ፉክክሩ ጦፈ። በ1968 ፕሊመዝ ሮድ ራነር በ335 የፈረስ ጉልበት መጣ፤ በ1970 ደግሞ ሸቭሮሌት ሸቬል በ454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩ 450 ደረሰ። ብዙም አልቆየም። የኢንሹራንስ ዋጋ ናረ፣ የ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ፣ በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ ተከተለ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ሞተሮች በጎ ጎን ኮምፒውተር የሌላቸው መሆኑ ነው። አየር፣ ቤንዚን፣ የእሳት ብልጭታና ጥሩ እመቃ፤ አራቱ በጊዜያቸው ከተገናኙ ሞተሩ ይነሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስና ላዳ ሲጠገን እያየ ያደገ መካኒክ የሸቬልን ኮፈን ቢከፍት እንግድነት አይሰማውም። ካርቡራቶሩ፣ ካንዴላው፣ ቦቢናው፣ ቴስታታው፣ ከጣሊያን ተውሰን የራሳችን ባደረግናቸው ስሞች የሚጠራቸው ዕቃዎች ሁሉ እዚያው ናቸው። ሲሊንደሩ ብቻ አራት በነበረበት ስምንት ሆኗል።

ቁልፉን አያዙሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መኪናው ከተጎታች ላይ እንደወረደ አዲስ ባትሪ ይገጠማል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቁልፉ ይዞራል። ለአሥር ወይም ለሃያ ዓመት በቆመ ሞተር ውስጥ ግን ዘይቱ ከግድግዳው ላይ ወርዶ አልቋል፤ የፒስተን ፋሻዎቹ በዝገት ከሲሊንደሩ ጋር ተያይዘው ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖው በጉልበት ሲያዞረው ፋሻ ይሰበራል፣ ግድግዳው ይጫራል። በትዕግሥት ሊድን የነበረ ሞተር ቶርኖ ቤት ይገባል።

ትክክለኛው መንገድ ቀርፋፋ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ስምንቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ። በየቀዳዳው ጥቂት ስስ ዘይት ይጨመርና ቢያንስ አንድ ቀን ይተዋል። ከዚያ ሞተሩ በክራንክሻፍቱ ብሎን ላይ በተገጠመ ቁልፍ በእጅ ይዞራል። እምቢ ካለ አይታገሉት፤ ዘይት ጨምረው ሌላ ቀን ይጠብቁ።

ቀጥሎ ነዳጁ ነው። የቆየ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሸታል፤ የካርቡራቶሩን ጠባብ ቀዳዳዎችም ይደፍናል። ጋኑ ባዶ እስኪሆን ይቀዳ። የድሮዎቹ የጎማ ቱቦዎችም ይለወጡ፤ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን ውስጥ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለ፣ ኢታኖል ደግሞ የዚያን ዘመን ጎማ ያበላሻል። የፈነዳ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ሲረጭ ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም። የእሳት ማጥፊያ ሳይገዙ የሚያብረቀርቅ የካርቡራቶር ክዳን የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ እኛ ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠው እንመርጣለን።

አሮጌውን ዘይት ሲያፈሱ ደግሞ ይመልከቱት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ኩሽኔታ ተበልቷል። የላስቲክ ስባሪ የሚመስል ነገር ካገኙ አይገረሙ፤ በ1960ዎቹ በብዙ የጄነራል ሞተርስ ሞተሮች ላይ የካምሻፍቱ ማዞሪያ ጥርስ ድምፅ እንዳያበዛ ናይለን ይለብስ ነበር። ናይለኑ ሲያረጅ እየተሰባበረ ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወርዳል፣ የፓምፑን መምጠጫም ይዘጋል። ይህን ሳያይ ሞተሩን ያስነሳ ሰው የሞተሩን ዘይት ዝውውር በገዛ እጁ ያንቃል።

ሞተሩ ምን ይላል?

ሞተሩ ተነሳ እንበል፤ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት የለውም፣ ይጠፋል። ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው በዚህ ጊዜ ነው። ካርቡራቶር ይለወጣል፣ አልተሻለም፤ ቦቢና ይለወጣል፣ አልተሻለም፤ በመጨረሻ «ሞተሩ ይውረድ» ይባላል። ሦስት ርካሽ መሣሪያዎች ግን አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳሉ፤ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ የቫኪዩም መለኪያና የኤሌክትሪክ መለኪያ።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ጊዜ መዞር አለበት። ንባቡን ልጅዎ በደብተር ይመዝግብ። ቁጥሩ ትልቅ ከመሆኑ ይልቅ ስምንቱ መቀራረባቸው ይበልጣል፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግር አለ። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው ደክሟል። ካልተለወጠ የቫልቭ ጣጣ ነው፤ ያ ማለት ቴስታታው ብቻ ወርዶ ሊጠገን ይችላል፣ ሙሉ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ይጠርጥሩ። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው፤ የሚያተርፈው ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል።

የቫኪዩም መለኪያው ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ በተለይ ለእኛ ሰዎች። መጽሐፎቹ ጤነኛ ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው ሲዞር ከ17 እስከ 21 ኢንች እንደሚያነብ ይጽፋሉ። ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። በየ1,000 ጫማው (300 ሜትር ገደማ) ከፍታ ንባቡ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና ጎረቤቷ አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ እዚያ 14 ኢንች ያነበበ ሞተር ጤነኛ ነው። መጽሐፉን ብቻ ያመነ ባለቤት ግን «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ይፈታዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ልዩነቱ ከ7 ኢንች በላይ ይሆናል።

ከፍታው ካርቡራቶሩንም ያታልለዋል። አየሩ ሲሳሳ ቀዳዳው የሚያሳልፈው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኃኒቱ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ በትንሽ ቁጥር መለወጥ ነው። ጥቁር ጭስ የቤንዚን ብዛት ምልክት እንጂ የፋሻ ሞት አይደለም። ዘይት ሲቃጠል ጭሱ ሰማያዊ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከራዲያተሩ የሚሄድ ውኃ ይሆናል።

በዶጅና በፕሊመዝ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳበደ አንድ በሽታ አለ። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። ሰው ካርቡራቶር ይወቅሳል። ጥፋቱ ያለው ከሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ በተሰካች ጣት የምታህል የሸክላ ሪዚስተር ነው። ሞተሪኖው ሲሠራ ኤሌክትሪኩ እሷን አልፎ በሌላ መንገድ በቀጥታ ወደ ቦቢናው ይደርሳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በእሷ በኩል ማለፍ አለበት። ከተቃጠለች መንገዱ ተቋረጠ። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም።

የካንዴላ ገመዶችን በአንድ ጊዜ አይንቀሉ። የሸቭሮሌት ቪ8 የእሳት ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው፤ የፎርድ 302 ግን 1-5-4-2-6-3-7-8። የሲሊንደሮቹ አቆጣጠር ራሱ ይለያያል፤ ሸቭሮሌት ጎዶሎዎቹን ቁጥሮች በሹፌሩ በኩል ሲደረድር ፎርድ ከ1 እስከ 4 ያሉትን በተሳፋሪው በኩል ያስቀምጣል። ስንት ቅዳሜ በዚህ ባክኗል!

ጋራዡና ቤቱ

በአሜሪካ ብዙ ቤቶች ጋራዣቸው ከመኖሪያው ጋር ግድግዳ ይጋራል። እነዚህ መኪኖች የተሠሩት የጭስ ማጣሪያ ካታሊስት ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ከማርሚታቸው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ብዙ ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከጋራዡ በላይ የተኛ ሕፃን ሳይነቃ ሊገድል ይችላል። በሩን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ መኪናው ተገፍቶ ደጅ ከወጣ በኋላ ይነሳ። ቤት ውስጥም የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ይሰቀል።

የዚያን ዘመን የፍሬን ሸራና አንዳንድ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ አለባቸው፤ አቧራውን በአየር አይንፉት፣ ልጆችም አይጥረጉት። አሮጌ ሞተር ውስጥ የተጋገረው ጥላሸትም ከሊድ ቤንዚን ዘመን የቀረ ነውና የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

ሞተሩ በእርግጥ መውረድ ካለበት

መለኪያዎቹ ሁሉ «ይፈታ» ካሉ ይፈታ። ከመጣሉ በፊት ግን በሞተሩ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ይነበቡ፤ ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ ሞተር የመኪናውን ዋጋ በእጅጉ ያሳድጋል። ርካሽ ሌላ ሞተር ገዝቶ የመጀመሪያውን ለቁራሌ መስጠት ውድ ቁጠባ ነው።

የታደሰ ሞተር የሚሞተው ብዙ ጊዜ በተነሳበት ቀን ነው። የድሮዎቹ ካምሻፍቶች ጠፍጣፋ ታፔት ላይ እየተንሸራተቱ ይሠራሉ፤ የሚከላከልላቸው በዘይቱ ውስጥ ያለ የዚንክና የፎስፎረስ ውሁድ ነው። ይህ ውሁድ ካታሊስትን ስለሚጎዳ በዛሬው ተራ የመኪና ዘይት ውስጥ ቀንሷል። ስለዚህ ለአዲስ ካምሻፍት ማለማመጃ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ይገዛል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ የዘይት ፓምፑ በመሰርሰሪያ ይዞራል፤ ዘይቱ እስከ ቫልቮቹ መድረሱ በዓይን ከታየ በኋላ ነው ቁልፉ የሚዞረው።

ሞተሩ እንደተነሳ በቀስታ አይተውት። ወዲያው ወደ 2,000 ዙር ከፍ ብሎ በ2,000 እና በ2,500 መካከል ከፍ ዝቅ እያለ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይሥራ። አንዱ ነዳጅ ይያዝ፣ ሌላው ዓይኑን ከዘይት ግፊቱና ከሙቀቱ መለኪያ ላይ አያንሳ፣ ሦስተኛው የእሳት ማጥፊያውን ይዞ ይቁም። ሲያበቃ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጥ። አሮጌው ፊልትሮ በመጋዝ ተቆርጦ ወረቀቱ በብርሃን ይታይ፤ ጥቂት ብናኝ ያለ ነው፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስንጥር ከበዛ ግን መኪናው ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ።