አደይ አበባን በአጥርና በእርሻ ዳር ስለ መዝራት

በእንቁጣጣሽ ልጆች የሚያመጡልንን፥ መስከረም 16 ቀንም በደመራው ጫፍ የሚታሰረውን አደይ አበባ የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ዘርተን ልናበቅለው እንደምንችል ብዙዎቻችን አናስብም።

አደይ አበባ በሳይንስ ቢደንስ ከሚባለው ወገን ሲሆን፥ ኑግና ሱፍ ከሚገኙበት ቤተሰብ ይመደባል። ዕድሜው አንድ ዓመት አይሞላም። በክረምት ዝናብ ይበቅላል፤ በመስከረም ያብባል፤ ዘሩን አፍርቶ ይደርቃል። የሚመጣው ዓመት አበባ መሬት ላይ ከወደቀው ዘር የሚገኝ ነው። ስለዚህ ሳያፈራ ሁሉም ከተቀጠፈ፥ ወይም ዳር ዳሩ ከታረሰና ከብት ከጋጠው፥ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄዳል።

ጉዳቱ የውበት ብቻ አይደለም። በክረምት ንቦች ብዙ ምግብ አያገኙም። አደይ አበባ ዝናቡ ሲያባራ ወለላና የአበባ ዱቄት ይሰጣቸዋል። በደጋው አገር በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚህ ወቅት አበቦች የሚገኝ ነው። ደግሞም ኑግ በገዛ ዱቄቱ ደኅና ፍሬ ስለማይዝ፥ ከሌላ ተክል ዱቄት የሚያመጡለት ንቦች ያስፈልጉታል። ንብ ሲያንስ የዘይቱም ምርት ያንሳል ማለት ነው።

አዘራሩ ቀላል ነው።

አንደኛ፥ አበባው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ ዘሩን ሰብስቡ። በጥላ አድርቃችሁ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ።

ሁለተኛ፥ ዝናብ ሲጀምር በሰኔ አፈሩን አለስልሳችሁ በትኑ። ዘሩ ትንሽ ስለ ሆነ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት። ማዳበሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፥ ቡቃያው እስኪጠና ድረስ አርሙት፤ ከከብትም ጠብቁት። በሰብሉ መካከል አረም እንዳይሆን በዳር ብቻ ይሁን።

አራተኛ፥ ባበበበት ጊዜ በአቅራቢያው የተባይ መድኃኒት አትርጩ። ለበዓል ስትቀጥፉ ቢያንስ ግማሹን ለዘር ተዉለት።

የንብ ቀፎ ያላችሁ የፕሮጀክት ሠራተኞች በቀፎዎቹ ዙሪያ ብትጀምሩ መልካም ነው። ምዕመናንም በጸሎት ቤታችሁ አጥር ሥር ጥቂት ስፍራ ልትመድቡለት ትችላላችሁ። ወጪው ከአንድ ቀን ጉልበት አይበልጥም። ዘሩን ለመሰብሰብ ግን ወቅቱ አጭር ነውና፥ አበባው የሚያፈራበት ቀን ሳያልፍ ከረጢታችሁን አዘጋጁ።