ናፍጣ መኪናችሁ አቀበት አልወጣ አለ? መጀመሪያ ጭሱን እዩ

ወዳጆቼ፣ መኪና ጉልበት ሲያጣ ብዙዎች ቶሎ ፓምፓ ያስወርዳሉ። እባካችሁ፣ ብዙ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት ከቀላሉ ጀምሩ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አቀበት ላይ ሞክሩት፤ ጭሱን ሌላ ሰው ከኋላ ይይላችሁ።

◾ ጥቁር ጭስ፦ ለናፍጣው የሚበቃ አየር የለም። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሲበርድ ከቱርቦ የሚወጣውን የጎማ ቱቦ ዙሪያውን ዳብሱ፤ ስንጥቅና የዘይት እርጥበት ካገኛችሁ አየሩ በዚያ ያመልጣል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ጥቁር ያስጨሳል።

◾ ጭስ የለም፣ ጉልበትም የለም፦ ናፍጣ በበቂ አይደርስም። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በጠርሙስ ተቀበሉ። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፤ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል።

◾ ሰማያዊ፦ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ቱርቦ ወይም ፋሻ ይፈተሽ።

◾ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ፦ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ የራዲያተር ውሃ ነው። ውሃው እየጎደለ ከሆነ አትንዱት።

ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ጠርጥሩ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የተደፈነ ፊልትሮ ይበልጥ ይጎዳል። ዕቃ ቀይሩ ስትባሉ "በምን ተለክቶ ታወቀ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።