ባሕር ያመላከተው፣ ቤተ ሙከራ ያሳጠረው መድኃኒት

ከተፈጥሮ የተገኘ ፈዋሽ ውህድ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም። አንዳንዱ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በደም ውስጥ ፈጥኖ ይፈርሳል። ኤሪቡሊን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ሁለቱንም ፈተናዎች አልፎ ለሕሙማን የደረሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የጃፓን ኬሚስቶች ከባሕር ሰፍነግ ሃሊኮንድሪን ቢ የተሰኘ ሞለኪውል ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሞለኪውሉ ካንሰር በያዛቸው አይጦች ላይ ብርቱ ኃይል አሳየ። ይሁን እንጂ ከ600 ኪሎ ግራም ሰፍነግ የተገኘው 12.5 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር፤ ክብደቱ ከመቶ የጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ለሕሙማን የሚበቃውን ያህል ከባሕር መልቀም የማይታሰብ ነበር።

ስለዚህ ሞለኪውሉን በቤተ ሙከራ መገንባት አስፈለገ። በ1992 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዮሺቶ ኪሺ የሚመራው ቡድን ይህንኑ አሳካ። በግንባታው ሂደት የተሠሩት ቁራጮች ሲፈተሹ ደግሞ የካንሰር ሕዋሳትን የሚገታው የሞለኪውሉ አንድ ወገን ብቻ መሆኑ ታወቀ። በር የሚከፍተው የቁልፉ ጥርስ እንጂ እጀታው አይደለምና፣ ኬሚስቶቹ ትርፉን ክፍል አስወገዱት።

ሁለተኛው ፈተና ጽናት ነበር። በተፈጥሮው ሞለኪውል ውስጥ ኤስተር የተባለው ትስስር በደም ውስጥ በሚገኙ ኢንዛይሞች ይበጠሳል። የኤይሳይ ኩባንያ ተመራማሪዎች በስፍራው የበለጠ የሚጸና ኬቶን ተኩ። ኤሪቡሊን በዚህ መንገድ ተወለደ፤ አነስ ያለ ቢሆንም ለማምረት ዛሬም ከ60 በላይ የኬሚስትሪ ደረጃዎችን ይጠይቃል።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል የዘር ቅንጣቶቹን የሚያከፋፍለው በጥቃቅን ቱቦዎች አማካይነት ነው። ኤሪቡሊን በቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ተጣብቆ እድገታቸውን ይገታል፤ መከፈል የተሳነው የካንሰር ሕዋስም ይሞታል።

አስቀድመው ብዙ ሕክምና በወሰዱ 762 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሐኪም የመረጠላቸውን ሌላ ሕክምና ካገኙት መካከል ግማሾቹ ቢያንስ 10.6 ወራት ሲኖሩ፣ ኤሪቡሊን ከወሰዱት ግማሾቹ ቢያንስ 13.1 ወራት ኖረዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በኅዳር 2010 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ሰጠው።

መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል፤ የእጅና የእግር ነርቮችንም ይጎዳል። ካንሰሩንም ከሥሩ አይነቅልም። ለታማሚዋና ለቤተሰቧ ግን የሁለት ወር ተኩል እድሜ ቀላል ስጦታ አይደለም። ሰፍነጉም ከባሕሩ ሳይለቀም ይኖራል።