የጥንቱን ዝናም የሚመሰክር አፈር

በአምቦ፥ በጉደርና በጊንጪ አካባቢ የሚኖር ገበሬ የመረሬን ጠባይ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በበጋ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባም ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ስንጥቁ ይገጥማል። በሚያብጥበትም ጊዜ ጓሉ ከጓሉ እየተፋተገ፥ በአፈሩ ውስጥ የተወለወለ የሚመስል ገጽ ይወጣል። ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ገጽ በጥንታዊ አፈር ውስጥ ሲያገኙ፥ በዚያ ስፍራ ክረምትና በጋ ይፈራረቁ እንደ ነበር ይረዳሉ።

ጥንታዊ አፈር የምንለው በደለል ወይም በእሳተ ገሞራ አመድ ተሸፍኖ የቀረውን የቀድሞ የምድር ገጽ ነው። በውስጡም የፍጥረታት ዱካ ይገኛል፤ ይኸውም ሥር በስብሶ ኖራ የሞላው ቀዳዳ፥ ምስጥ የቆፈረው መተላለፊያ፥ ጥንዚዛ እንቁላሏን የጣለችበት የእበት ድቡልቡል ነው። አጥንትን ጎርፍ ከሩቅ ሊያመጣው ይችላል፤ የምስጥ ጉድጓድ ግን ከተቆፈረበት ስፍራ ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ የዚያን ቦታ የአየር ጠባይ ለሚመረምር ሰው የታመነ ምስክር ነው።

ሆኖም ምስጥ በደረቅም በርጥብም አገር ስለሚኖር፥ በእርሱ ብቻ አይፈረድም። ዱካው ከሌላ ምልክት ጋር ይመሳከራል። ዝናም በሚያንስበት አገር ኖራ ታጥቦ ሳይሄድ በአፈር ውስጥ ይረጋል፤ ውሃ የሚተኛበት አፈር ወደ ግራጫነት ያደላል፤ ውሃው የሚጠነፈፍለት ግን ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ የሚነሣው አዋሽ ቁልቁል ወርዶ መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። በዚያም ጎምቦሬ በሚባለው ስፍራ በጥንት ኩሬ ዳር ጭቃ ላይ የአዋቂዎችና የሕፃናት፥ የጉማሬና የወፎች ዱካ ተገኝቶ፥ ጥናቱ በ2010 ዓ.ም. ታትሟል። ዱካውን የሸፈነው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜ 700,000 ዓመት ያህል ነው። በዚያ ስፍራ ውሃ እንደ ነበረ፥ አዋቂዎችና ሕፃናትም ወደ ውሃው ይወርዱ እንደ ነበር ያ ጭቃ ይናገራል። መልካ ቁንጡሬም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ዱካ ግን እንደ አጥንት አንሥተው በሣጥን የሚያኖሩት አይደለም፤ አንድ የዶማ ምት ያጠፋዋል፤ ከስፍራው የተነቀለም ምስክርነቱን ያጣል። እንግዲህ መንገድ ሲቆረጥ፥ ድንጋይ ሲፈለጥ ወይም ጕድጓድ ሲቆፈር እንግዳ ምልክት ያየ ሰው፥ ሳይነካ ትቶ በቅርቡ ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት ቢያስታውቅ፥ ልጆቹ የሚያነቡትን መዝገብ ጠበቀላቸው ማለት ነው።