ለጎረቤት የተለየችው በግ

የሁዳዴ ጾም ተፈጽሞ የትንሣኤ ሌሊት ሲነጋ በየክርስቲያኑ ቤት የፍስኩ ማዕድ ይቀርባል። ሙስሊም ጎረቤት ያለው አባወራ ግን አስቀድሞ የሚያስብበት ሌላ ጉዳይ አለው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያኑ እንደማይበላ በአገራችን የታወቀ ነው። ስለዚህም በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ደግሶ የሚጠራ ክርስቲያን፣ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም ዶሮ ለይቶ በሙስሊም እጅ ያሳርዳል። ድስቱና ቢላዋው ለብቻ ይሆናል፤ ጠላ ለማይጠጣውም ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይሰናዳለታል። በዒድና በዓረፋ ደግሞ ሙስሊሙ ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ ያደርጋል። አቅም ካጠረ ዳቦና ቡና አለ።

ይህን ከሩቅ የሚመለከት ሰው የመራራቅ ምልክት አድርጎ ሊገምተው ይችል ይሆናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ደጋሹ የእንግዳውን ሃይማኖት የሚከለክለውንና የሚፈቅደውን ጠይቆ አውቋል፤ እንግዳውም እምነቱን ሳይሸሽግ ከማዕዱ ይቀርባል። ልዩነት እንደሌለ ማስመሰል ከዚህ ይልቅ ቀላል በሆነ ነበር።

ጠይቆ የመስማት ልማድ በዚህች ምድር ረጅም ዕድሜ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ተሰደው ወደ አክሱም ሲመጡ፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። የእስልምና ትውፊት እንደሚተርከው ክርስቲያኑ ንጉሥ ስደተኞቹን አስጠርቶ ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብም ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርዓን ክፍል አሰማው። ንጉሡ አለቀሰ፤ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም።

ትእዛዝ የጥያቄን ቦታ የወሰደበት ዘመንም አለ። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ታዘዘ፤ ብዙዎች ተሰደዱ፣ ያመፁም ነበሩ። ይህን በክርስቲያን ቤት በበዓል ቀን ማንሣት ደስ አያሰኝም፤ ሆኖም ጎረቤቱ የሚያስታውሰውን ታሪክ የማያውቅ ሰው ከእርሱ ጋር ምን ይነጋገራል? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ፣ ከመካከላቸው ክርስቲያኖች እንደነበሩም ሊታወስ ይገባል።

ጉዳዩ የድሮ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ወቅት ገጥመው ነበር። ትንሣኤ በተከበረ በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 18፣ በጎንደር ከተማ በአንድ ሼህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ። ከቀናት በኋላም በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በዕድር አንድ ንፍሮ ተካፍሎ የሚያለቅስ ሕዝብ በቀብር ቦታ መጋጨቱ እጅግ ያሳዝናል።

ዛሬ በየጋራ መኖሪያ ሕንፃው ብዙው ነዋሪ በዕጣ የተገናኘ ነው፤ ፎቅ ለፎቅ እየኖረ ስም የማይተዋወቅም አለ። በእንዲህ ያለው ቤት የበዓሉ ዝግጅት በጉ ከመገዛቱ በፊት የጎረቤትን በር በማንኳኳት ቢጀመር ይበጃል። የሚያርደውን ሰው ጎረቤቱ ራሱ ይመርጣል፤ ማዕዱ ለስንት ሰው እንደሚሰናዳም በዚያው ይታወቃል።