ኳስና ገበያ፦ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተከራከሩለት ነገር

በቅዳሜ ቀን መርካቶ ወርዳችሁ የስፖርት ልብስ የሚሸጥበትን መደብር ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? ከተሰቀለው ማልያ የሚበዛው የእንግሊዝና የስፔይን ቡድኖች ነው። ነጋዴው አልተሳሳተም፤ የሚያቀርበው ገዢ የሚጠይቀውን ነው። ኳስ ራሱ እንዴት ሸቀጥ ሊሆን ቻለ ብሎ መመርመር ግን የተማረ ሰው ፈንታ ነው።

መርካቶ የተቋቋመው በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩ ጊዜ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድንም የተወለደው በዚያው በአራዳ፣ በ1928 ዓ.ም. ነው። ለዚህ ቡድን ከ20 ዓመት በላይ ከተጫወቱት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ ካስቀረጹት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የሚቆጠሩ፣ በልጅ ኢያሱ ዘመንም የፖስታና የቴሌግራፍ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ነጋድራስ ማለት የገበያና የቀረጥ ሹም ማለት እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። የነጋድራሱ ልጅ ግን ኳስ እንደ ሸቀጥ እንዳይሸጥ ሲከራከሩ ኖሩ።

በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ሲያሸንፍ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከፍ ያለው ሥራቸው ግን የተሠራው በስብሰባ አዳራሽ ነው። ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያኒያ በ1 ቦታ እንዲሻሙ በተወሰነ ጊዜ፣ እርሳቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሞውን አስነሡ፤ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። በተከታዩ ዋንጫ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ አፍሪካ የራሷን 1 ቦታ አገኘች።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚህ ጊዜ ነው ትልቁ ክርክር የመጣው። በአንድ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ በውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎች ከ2 እንዳይበልጡ የሚያዘው ደንብ ይነሣ ሲባል፣ አቶ ይድነቃቸው አጥብቀው ተቃወሙ። ምርጥ ልጆቻችንን ዘወትር ወደ ውጭ የምንልክ ከሆነ፣ ለሀብታሞች አገሮች ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆነን እንቀራለን የሚል ነበር አሳባቸው። ደንቡ ግን በ1974 ዓ.ም. ግድም ተነሣ።

ታዲያ ተጫዋቹስ ምን ይብላ? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የእግር ዕድሜ አጭር ነው፤ ቤተሰቡን ለመርዳት የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት የሚሄደውን ወጣት የሚወቅስ ሰው፣ ራሱ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ላለመቀበል ይሞክር! ስለዚህ ልጁን በደንብ አስሮ ማስቀረት መድኃኒት አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የአቶ ይድነቃቸው ማስጠንቀቂያ ከንቱ አልነበረም። ቡናውን በጥሬው ሸጦ የተቆላውን በውድ የሚገዛ አገር፣ በኳሱም እንዲሁ ልጁን ሸጦ ማልያውን ይገዛል።

መፍትሔው በሰፈር ይጀምራል፦ ሜዳን ከግንባታ መጠበቅ፣ ለታዳጊዎች አሠልጣኝ ማቆም፣ የአገር ቡድን ሲጫወት ቲኬት ቆርጦ መግባት። በሚመጣው ቅዳሜ መርካቶ ስትወርዱ፣ ነጋዴውን የአገራችሁን ማልያ ጠይቁት። ገዢ ከጠየቀ ነጋዴ ማምጣቱ አይቀርም።